«በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ልብ የለም»

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ሳምንት በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሕፃናት የልብ ሕመም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ከሞላ ጎደል ጥሩ ነው። ርዕሱ ግን «ከዘር የሚወረሰው የልብ ሕመም» ይላል። ይቺ ርዕስ የእህቴን ቤት በጥብጣዋለች፤ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

የታናሽ እህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው። ስትወለድ ደህና ነበረች፣ ቢያንስ ደህና ትመስል ነበር። ጡት ስትጠባ ግን ያልባታል፤ ትንሽ ሳብ ታደርግና ታርፋለች። ስታለቅስ ከንፈሯ ይጠቁራል። አንድ ጤና ተቋም፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ሦስት ጊዜ «ሳንባ ምች ነው» እያለ ሽሮፕ ሰጥቶ መለሳት። በአራተኛው «ስታድግ ይተዋታል» ተባለ። ከሠፈር ሰው ብርድ ነው ያለ አለ፣ ዓይን ነው ያለ አለ፣ ጠበል ውሰዷት ያለም አለ። ጠበሉን አልቃወምም፣ እኔም ይዣት ሄጃለሁ።

እኔ የባነንኩት አንድ እሑድ ጠዋት ነው። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ አብረን እየወጣን ነበር። ያኔ ሦስት ዓመት ከምናምን ይሆናታል። እጄን ይዛ ትንሽ ትራመድና ለቃኝ መንገዱ መሃል ቁጢጥ ትላለች። ጉልበቷን በሁለት እጇ አቅፋ፣ አገጯን ጉልበቷ ላይ ጥላ። አፈር የምትጭር መስሎኝ «ተነሺ፣ ነጠላሽ ቆሸሸ» አልኳት። አልጫረችም። ዝም ብላ ትተነፍሳለች። ጣቶቿን አየኋቸው፤ ጥፍሮቿ ቀለም ብልቃጥ ውስጥ የነከረቻቸው ይመስላሉ። ከደቂቃ በኋላ ተነሳችና «ጋሼ፣ እንሂድ» አለችኝ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደን ደግሞ ቁጢጥ።

በኋላ ነው የገባኝ። ማንም ሳያስተምራት ራሷን እያከመች ነበር። ሰው ቁጢጥ ሲል የእግሩ ደም ሥሮች ይጨመቃሉ። ያኔ በልቧ ቀዳዳ በኩል ወደ አካሏ የሚያመልጠው ያልጠራ ደም ይገፋና ወደ ሳንባዋ የሚሄደው ይበዛል። ትንሽ ኦክስጅን ታገኛለች፣ ትነሳለች።

ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ ማለት ነው፣ ስትነሳ ታወቀ። ፋሎ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 በደንብ የገለጸው በሽታ ነው፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አራት ነገር አለበት፦ በሁለቱ የታችኛው የልብ ክፍሎች መሃል ቀዳዳ፣ ወደ ሳንባ የሚወስደው መውጫ መጥበብ፣ ዋናው ደም ቧንቧ ቀዳዳው ላይ ተፈናጦ መቀመጥ፣ የቀኙ ክፍል ጡንቻ መወፈር። አራት ሲባል አራት መዓት ይመስላል እንጂ ምንጩ አንድ ነው፤ አንዲት ግድግዳ ስትሠራ ትንሽ ወደ ፊት አዘነበለች። ሌላው ሁሉ ከዚያ የተከተለ ነው።

ወረቀቱን ይዘን ቤት ገባን። የእህቴ አማት መጀመሪያ የተናገሩት «ትድናለች ወይ?» የሚል አልነበረም። «በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ልብ የለም» ነው ያሉት። እናቴም አልቻለችም፤ «እኛስ ቤት ማን አለና?» ብላ አያት ቅድመ አያት እየጠራች መቁጠር ጀመረች። አንዷ አክስታችን ደግሞ ደረቱን እየያዘ ይቀመጥ የነበረ አጎት ትዝ አላት፤ ሰውዬው የሞተው በሰማንያ ዓመቱ ነው። ልጅቷ መሃላችን ቁጭ ብላ ቆሎ ትቆረጥማለች።

ይህ ሁሉ በርዶ ነበር። ባለፈው ሳምንት የእናንተ ጋዜጣ መጣና አማቷ አስነብበው «ይኸው፣ ጋዜጣውም ብሎታል» አሉ። እህቴ ማታ ደውላ ስታለቅስ ነው ያመሸችው።

እንግዲህ ጠቤ እዚህ ላይ ነው። አማርኛችን ውስጥ «ዘር» ከባድ ቃል ነው። ዘር ማለት ወገን ነው፣ ቤት ነው፣ አጥንት ነው። «ዘረመል» የሚለው፣ ጂን ማለታችን ነው፣ ከዚያው ቃል ስለወጣ ሰው ዘረመል ሲባል ዘር ይሰማል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የዘረመል ችግር ሁሉ ከእናት ወይም ከአባት የወረደ አይደለም። ከመቶ ሕፃናት አንድ ያህሉ ልቡ ላይ የሆነ ችግር ይዞ ይወለዳል፣ የአብዛኞቹ ቤት ግን ሌላ እንዲህ ያለ ሰው ቢፈለግም አይገኝም።

እኔ እዚሁ ጎንደር ሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ የምለውን ልበላችሁ።

የፅንስ ልብ በተፀነሰ በ22ኛው ቀን ገደማ መምታት ይጀምራል። እናቲቱ ገና የወር አበባዬ ሳምንት ያህል ዘገየ ብላ እየተጠራጠረች ነው። በዚያን ጊዜ ልብ ልብ አይመስልም፤ ቀጭን ቱቦ ነው። ቱቦው ካለው ቦታ በላይ ይረዝምና ይታጠፋል፣ ወደ ቀኝ ይጎብጣል። ከውስጡ ግድግዳ ይበቅላል። በስምንተኛው ሳምንት አራቱ ክፍሎች ተለይተው ያልቃሉ። ያኔ ፅንሱ ራሱ ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው።

በጣም የሚገርመኝ የመውጫው ቱቦ ነገር ነው። መጀመሪያ አንድ ነበር፣ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ ወደ ሳንባ፣ አንዱ ወደ አካል። የሚከፍለው ግድግዳ ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ እንደ ፈትል ተጠምዝዞ ነው። ለዚህ ሥራ ከሚመጡት ሴሎች ብዙዎቹ የልብ ተወላጆች እንኳ አይደሉም። ከፅንሱ ጀርባ፣ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር ከሚሠራበት ጠርዝ ተነስተው በእግራቸው የሚመጡ እንግዶች ናቸው። እንግዶቹ ቢያንሱ ወይም ቢዘገዩ ግድግዳው ቦታውን ይስታል።

ይህን ሁሉ የሚያዘው ዘረመል ነው። ሰው ወደ 20,000 ገደማ ዘረመል አለው። የቆዳ ሴልም ሆነ የልብ ሴል የያዘው ያንኑ አንድ መጽሐፍ ነው፣ የሚለየው የሚከፈተው ገጽ ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ይህ አይከብደውም፤ መጽሐፉ አንድ ነው፣ የሰኞው ሌላ የማክሰኞው ሌላ። የቱ ገጽ ይከፈት የሚሉት ደግሞ ራሳቸው ከዘረመሎች ናቸው። እኔ መሪጌታ እላቸዋለሁ። (በትክክል ለመናገር የሚያዘው ከእነሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፤ መምህር ነኝና ይቺን ሳልል አላልፍም።)

በልብ ላይ ስማቸው የሚነሳው ኤንኬኤክስ2-5፣ ጋታ4 እና ቲቢኤክስ5 ናቸው። ስማቸው የመኪና ታርጋ ይመስላል። የመጀመሪያው መንገዱ የተገኘው በዝንብ ነው፤ ጠላ ላይ እንደምታንዣብበው ዓይነት ትንሿ ዝንብ። አንድ ዘረመል የጎደላቸው ዝንቦች ጭራሽ ልብ አልሠሩም። የዚያ ዘረመል ዘመድ በእኛም አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ የልባቸው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ ይዘው በሚወለዱ ሰዎች አንዳንድ ቤተሰቦች ውስጥ የተበላሸው እሱ ሆኖ ተገኘ። እነዚህ ቤተሰቦች ላይ በእርግጥም ወርዷል፣ አልክድም። ቲቢኤክስ5 ልብንም እጅንም ይመራል። እሱ ሲጎድል ልጁ የልብ ቀዳዳና እንግዳ የሆነ አውራ ጣት ይዞ ሊወለድ ይችላል፤ አውራ ጣቱ እንደ ሌሎቹ ጣቶች ሦስት አንጓ ይኖረዋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ የለም። እና አዋላጆቻችን፣ እንዲህ ያለ ጣት ካያችሁ እባካችሁ ልቡንም አዳምጡት።

ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። ከእያንዳንዱ ዘረመል ሁለት ቅጂ ካለን፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይሸፍንም ወይ? ለብዙ ነገር ይሸፍናል። ለእነዚህ መሪጌቶች ግን ግማሽ ድምፅ አይበቃም። ማህሌቱ አይቆምም፣ ይቀጥላል፤ ከኋላ ያሉት በደንብ ስለማይሰሙ ግን የሆነ ቦታ ላይ ይስታሉ። ደግሞም ብቻቸውን አይመሩም፤ ይያያዛሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በአንድ ቤተሰብ ላይ የተገኘ የጋታ4 የአንድ ፊደል ስህተት ከቲቢኤክስ5 ጋር እንዳይያያዝ አድርጎት ነበር፤ ቀዳዳ ለማምጣት ያ በቃ። ቀኝ ጌታና ግራ ጌታም አለ። ፅንሱ ገና ጠፍጣፋ ሳለ በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች ዙሪያቸው ያለውን ፈሳሽ ወደ ግራ ይቀዝፋሉ፤ ግራው ግራ መሆኑን የሚያውቀው በዚያ ነው። ያ ቀዘፋ ሲታወክ ልብ በተቃራኒ ሊታጠፍ ይችላል።

አሁን ወደ አማቷ ጥያቄ ልምጣ። ስህተቱ ከየት መጣ?

ጎንደሬ ስለሆንኩ በቁም ጸሐፊ ልመስል። ብራና ላይ የሚገለብጥ ጸሐፊ ቢጾምም ቢጠነቀቅም ግድፈት አያጣውም። ምንጩ መጽሐፍ ንጹሕ ነው፤ ግድፈቱ የገባው ሲገለበጥ ነው። በእኛም ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደል ነው የሚገለበጠው። እያንዳንዳችን የተወለድነው እናታችንም አባታችንም ላይ የሌለ 60፣ 70 ያህል አዲስ የፊደል ለውጥ ይዘን ነው። እኔም፣ አዘጋጁም፣ የእህቴ አማትም። አብዛኛው ባዶ ቦታ ላይ ወድቆ ይቀራል። አልፎ አልፎ ግን መሪጌታው ስም ላይ ይወድቃል።

አንዳንዴ የሚጎድለው ፊደል ሳይሆን ቅጠል ነው። ዘረመሎቹ የተጠረዙባቸው ጥራዞች ክሮሞዞም ይባላሉ፤ ከ22ኛው ክሮሞዞም ላይ አንዲት ቁራጭ ትቀራለች፤ እሷ ላይ ደግሞ የመውጫውን ቱቦ ከሚመሩት አንዱ፣ ቲቢኤክስ1፣ አለባት። እንደ እህቴ ልጅ ዓይነት ልብ ካላቸው ልጆች ከመቶ 15 ያህሉ ይቺ ቁራጭ ጎድላቸው ትገኛለች። እና ይህን አማቷም ይስሙልኝ፦ ቁራጯ ከጎደለቻቸው ልጆች ከአሥር ዘጠኙ ወላጆቻቸው ጋ ብትፈለግ ሙሉ ናት። ቅጠሉ የጠፋው ሲገለበጥ ነው። ዳውን ሲንድረምም እንደዚያው ነው፤ 21ኛው ክሮሞዞም ሁለት መሆን ሲገባው ሦስት ይሆናል፣ ከእነዚህ ልጆች ግማሽ ያህሉ ልባቸው ላይ ችግር አለ፣ አብዛኞቹ ወላጆች ግን ምንም የላቸውም። ብዙ ልጆች ላይ ደግሞ አንድ ጥፋተኛ ጭራሽ አይገኝም፤ ትንሽ ከዚህ ትንሽ ከዚያ ተጠራቅሞ ነው። መልካቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ ዘረመላቸው አንድ ሆኖ አብዛኛውን ጊዜ የአንዱ ልብ ብቻ ነው የሚታመመው።

«ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የዳርናት፣ ታዲያ ይህ ከየት መጣ?» ስትል እናቴ ልቧ ተሰብሮ ነበር። መቁጠሩ ጥሩ ነው፣ ማንም አያጣጥለው። የሥጋ ዘመዳሞች ሲጋቡ ተደብቀው የኖሩ ሁለት የተበላሹ ቅጂዎች ልጁ ላይ የመገናኘት ዕድላቸው ይጨምራል፤ የልብ ችግርም በእንዲህ ያሉ ጋብቻዎች ከፍ ብሎ ይታያል። አባቶቻችን ያለ ማይክሮስኮፕ ያንን በር ዘግተዋል። አዲስ ግድፈትን ግን ሰባት ቤት ቀርቶ ሰባ ቤት ቢቆጠር አያስቀረውም።

(ስለ ዘር ማውራት ካማረን ደግሞ ይቺንም እናውራት። እ.ኤ.አ. በ2002 በወጣ ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባሕር ጠረፍ ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ማንም «ከማን ወገን ነው?» ብሎ አልጠየቀም።)

እህቴ ማታ ስትደውል የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። «ወንድም ጋሼ፣ ሌላ ብወልድስ?» ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን በሆዷ ይዛ ኖራለች፤ ለባሏም አልተነፈሰችም። የነገርኳት ይህን ነው። ማንም እናት ስትወልድ ከመቶ አንድ ያህል ዕድል አለ። አንድ ልጅ እንዲህ ሆኖ ከተወለደ በኋላ ለሚቀጥለው ወደ ሦስት ገደማ ከፍ ይላል። 97ቱ ደህና ናቸው። ከወላጅ የወረደ የአንድ ዘረመል ችግር ወይም የጎደለች ቁራጭ ካለች ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ እኩል በእኩል ሊሆን ስለሚችል ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። ዝም አለች። ከዚያ «ሦስት ብቻ?» አለችኝ።

ከመውለድ በፊት የሚደረግ ነገር የለም ማለቴ አይደለም። የእኛ ሰው ለእርግዝና ክትትል የሚሄደው ብዙ ጊዜ ሆድ ከታየ በኋላ ነው፤ ያኔ ልቡ ተሠርቶ አልቋል። ስኳር ያለባት ሴት ከማርገዟ በፊት ስኳሯን ብታስተካክል የልጁን ልብ ትረዳለች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስድም ቀድማ ሐኪም ታማክር፤ በራሷ እንዳታቋርጥ ግን። የብጉር ኪኒን ነው ብለው የሚውጡት አንዱ፣ አይሶትሬቲኖይን፣ ለፅንስ አደገኛ ነው፤ ፊት ለማሳመር ብላችሁ ከጓደኛ እየተቀበላችሁ አትዋጡ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በሩቤላ፣ የጀርመን ኩፍኝ በሚባለው፣ መያዝም የፅንሱን ልብ ይጎዳል። አረቄና ጠላውም ይቅር፣ «ለወተት ነው» የሚሉ አሮጊቶች ቢቆጡም። ፎሊክ አሲድ በዋናነት ለኅብለ ሰረሰር ነው የሚሰጠው፣ እሱም ከእርግዝና በፊት ሲጀመር ነው የሚጠቅመው። ደንግጣ ስለነበር፣ እንስራ ስላነሳች፣ ግርዶሽ ስላየች፣ አምሯት ስለቀረባት የሚባለውን ግን ተዉት። ከአልጋ ያልተነሳች እናትም ትወልዳለች እንዲህ ያለ ልጅ።

አንድ ሌላ እርማት አለኝ፣ ቶሎ ልበለው። ጽሑፋችሁ ከጉሮሮ ሕመም የሚመጣውን የልብ በሽታ ከዚህ ጋር ቀላቅሎታል። ያኛው አብሮ አይወለድም። ካልታከመ የቶንሲል ሕመም በኋላ በአምስትና በአሥራ አምስት ዓመት መሃል የሚመጣ ነው፣ የልብ በሮችን ያበላሻል፣ በፔኒሲሊን መከላከል ይቻላል። እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም።

ልጅቷ ተሠርቶላታል። ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ጠባቡ መውጫ ሰፍቷል፣ ዕድሜ ልኳን ክትትል አለባት። ይህ ቀዶ ጥገና ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ሚኒሶታ ነው፤ ማሽን ስላልነበረ የልጁን ደም ከሌላ ጤነኛ ሰው ጋር አያይዘው የዚያን ሰው ልብና ሳንባ ተጠቅመው ነው የሠሩት። በዚያው ዓመት እዚህ ጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጃችን ተከፈተ። ሁለቱ አይገናኙም፣ ግን ሳስበው ደስ ይለኛል። አሁን ወደ ሥላሴ ስንወጣ እሷ ትሮጣለች፣ ዳገቱ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። «ከዘር የሚወረሰው» የሚለውን «አብሮ የሚወለደው» ብላችሁ አርሙልኝ፣ በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል። ከተቻለ ቅዳሜ ይውጣ። ቅዳሜ ቅዳሜ አማቷ ቤት ቡና እንጠጣለን፤ የዚያን ቀን ጋዜጣውን ጮክ ብዬ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ማራኪ፣ ጎንደር
(ስሜ ለአዘጋጁ ተልኳል)